‹ትርፍ አለዎት?›

ረቡዕ፣ ጥር 15 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል። የሮቤንና የጎባን የታክሲ ማኅበራት በአንድ የጋራ ቦርድ ሥር ለማዋሐድ የተጠራው ሦስተኛው ስብሰባ ሮቤ ውስጥ፣ ለሠርግ በሚከራይ አዳራሽ ተከፈተ። ከሰብሳቢው ወንበር በላይ ‹መልካም ጋብቻ› የሚል ጽሑፍ ተሰቅሎ ነበር። ያለፈው እሑድ ሙሽሮች የተዉት መሆን አለበት። ማንም እንዲነሣ አላዘዘም፤ ለጉዳያችን ተስማሚ መስሏቸው ይሁን ወይም ቀና ብለው ስላላዩት አላውቅም።

ቦርዱ አምስት አባላት ነበሩት፤ ሁለት ከሮቤ፣ ሁለት ከጎባ፣ አምስተኛዋ እኔ። ታክሲ የለኝም፣ መንጃ ፈቃድም የለኝም። የተመረጥሁት ተወልጄ ያደግሁትና የምኖረው ጎባ፣ የማስተምረው ደግሞ ሮቤ በመሆኑ ነው። የጎባ ሰዎች ‹እንጀራዋ ሮቤ ነው› ብለው ይጠረጥሩኛል፤ የሮቤዎቹ ደግሞ ‹ቤቷ ጎባ ነው› ይሉኛል። ሁለቱም ወገኖች በእኩል መጠን ስላላመኑኝ ‹ገለልተኛ አባል› ተባልሁ። በሕይወቴ ከተሰጡኝ ማዕረጎች ሁሉ በትክክለኛ መመዘኛ የተሰጠኝ ይህ ብቻ ይመስለኛል።

ውሕደቱ ለምን እንዳስፈለገ ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ላስረዳ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ በታክሲ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። የጎባ ማኅበር መኪና ጎባ ላይ ሰው ሞልቶ ወደ ሮቤ ይወርዳል፤ ሮቤ ላይም ሆነ በመልሱ መንገድ ግን መጫን አይፈቀድለትም፣ ባዶውን ይመለሳል። የሮቤ ማኅበር መኪናም ሮቤ ላይ ሞልቶ ወደ ጎባ ይወጣና ባዶውን ይወርዳል። ሁለት ባዶ መኪኖች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሾፌሮቹ በጡሩምባ ሰላምታ ይሰጣጣሉ። መንገዱ ዳር ደግሞ ከተራራው በሚወርደው ነፋስ ነጠላውን አፍንጫው ድረስ የተጠቀለለ ሰው ሰላምታቸውን ያዳምጣል። ይህን ሥርዓት ለተማሪዎቼ የአባካኝ አሠራር ምሳሌ አድርጌ ላቀርበው አስቤ ተውሁት። ግማሾቹ እዚያው መንገድ ዳር ቆመው ስለሚውሉ ከእኔ ይልቅ እነሱ ሊያስተምሩት ይችላሉ።

ውሕደቱን ከማንም በላይ የሚፈልጉት አጎቴ ነበሩ፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም። አንድ አሮጌ ሚኒባስ አላቸው፣ የሚነዱትም ራሳቸው ናቸው። የጎን በሩ ከውጭ ካልሆነ አይከፈትም፤ ተሳፋሪ ሲወርድ አጎቴ ራሳቸው ወርደው፣ ዞረው፣ እንደ ባለሥልጣን ጠባቂ በሩን ይከፍቱለታል። ‹በሁለቱም በኩል እየጫንን ስንሠራ ያን ጊዜ ታያላችሁ› ይሉን ነበር። አዲሱ ደንብ ግን አንድ መዘዝ ነበረው። በጋራው ቦርድ ያልተመዘገበ መኪና ከእንግዲህ በሁለቱም መናኸሪያዎች ተራ አይኖረውም። ተራ የሌለው ታክሲ ደግሞ አራት ጎማ ያለው ቆርቆሮ ነው።

የዚያን ቀን ሥራችን ምዝገባው ነበር። ባለመኪኖቹ አንድ በአንድ ፊታችን እየቆሙ ጥያቄ ይጠየቃሉ። ጠያቂው ከሮቤ አባላት አንዱ፣ ሁሉም ‹ሐጂ› የሚሏቸው የሦስት ሚኒባሶች ባለቤት ነበሩ። ድምፃቸው ማይክሮፎን አይፈልግም፤ ማይክሮፎኑን ግን አይለቁትም።

ከጥያቄዎቹ አንዱ በሽተኛ ነበር። ከወንበር ቁጥር በላይ የተጫነ ሰው በአማርኛ ትርፍ ይባላል፤ ከሥራ የተረፈ ገንዘብም ትርፍ ነው። የጎባ ማኅበር የድሮ ደንብ በአማርኛ ‹ትርፍ ያለበት አባል አይመዘገብም› ይላል፤ ትርፍ ሰው ጭኖ የተገኘ ማለቱ ነው። ደንቡን ለጋራው ቦርድ ወደ ኦሮምኛ የመለሰው ሰው፣ ማን እንደሆነ እስካሁን የተናዘዘ የለም፣ ቃሉን ‹ቡኣ› ብሎ ተረጎመው። ቡኣ የገንዘብ ትርፍ ነው፣ ጥቅም ነው። ታክሲ ውስጥ ሲሆን ‹ወራጅ› ለማለትም ይጠሩታል፤ ይህኛው ትርጉም እንኳ ማንንም አላሳሳተም። ጉዳዩን በሁለተኛው ስብሰባ ላይ አንሥቼው ነበር። ‹የቋንቋ ነገር ስለሆነ በሻይ ሰዓት ይታይ› ተባለ። በሻይ ሰዓት የታየው ሳምቡሳ ነው።

እናም ሐጂ እያንዳንዱን ባለመኪና በኦሮምኛ ይጠይቃሉ፤ «ቡኣ ቀብዱ?» ትርፍ አለዎት?

«ሂን ቀቡ፣» ይላል ሰውየው። የለኝም።

ቀጣዩም «ሂን ቀቡ»፣ የዚያ ቀጣዩም «ሂን ቀቡ»። ሐጂ ራሳቸው የራሳቸው ተራ ሲደርስ ራሳቸውን ጠይቀው «ወላሂ ሂን ቀቡ» ብለው መለሱ። ነገሩ በሰላም ያልቃል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ሁሉም ትክክለኛውን መልስ የሰጠው ግን ጥያቄው ገብቶት አልነበረም። ወንበር ደርድሮ የተቀመጠ ኮሚቴ ‹ትርፍ አለህ?› ብሎ ሲጠይቅ፣ ጤነኛ ነጋዴ ሁሉ የሚያስበው ስለ ግብር ነው።

አጎቴ ዘግይተው ደረሱ። ኮታቸውን አስተካክለው ፊታችን ቆሙ። አዳራሹ በሁለቱ ከተሞች ባለመኪኖች ሞልቷል፤ ገሚሱ የሚያውቋቸው፣ ገሚሱ እንዲያውቃቸው የሚፈልጉት።

«ቡኣ ቀብዱ?» አሉ ሐጂ።

«ቀባ!» አሉ አጎቴ ደረታቸውን ነፍተው። «ባይኤ!» ‹አለኝ፣ በጣም ብዙ› ማለታቸው ነው።

የወንበሮች መንቋቋት ቆመ።

«ጋሼ፣ ብዙ?»

«በየቀኑ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ይብሳል።»

«ስንት ይሆናል?»

«እሱንማ መቁጠር ትቻለሁ።»

«መቁጠር ትተዋል!» አሉ ሐጂ ወደ እኛ ዞረው። «ይጻፍልኝ! ቅዳሜ ይብሳል የሚለውም ይጻፍ!»

የዚያን ቀን ሰብሳቢ ከጎባ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ከእህታቸው ጋር በጋራ የያዙት ግማሽ ሚኒባስ አላቸው። እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው በአማርኛ፣ የተማሪን ፈተና እንደሚያርም ሰው በትዕግሥት ጠየቁ። «ጋሼ፣ ይህ አንቀጽ የሚናገረው ከወንበር በላይ ስለሚጫን ሰው ነው። እርስዎ ያሉት ትርፍ የሰው ነው የብር?»

የመዳኛ በር ተከፍቶላቸው ነበር። አጎቴ ግን በሩን ሊያዩት አልፈለጉም።

«የብር ነው እንጂ! እኔ ሕግ አክባሪ ሰው ነኝ። ትርፌ የብር ነው።»

«ተገላገልን፣» አሉ ሰብሳቢው።

«የት ተገላገልን?» አሉ ሐጂ። «እርስዎ መምህር ነዎት፣ ሒሳቡን ይሥሩልኝ። የጎባ መኪና ሞልቶ ይወርዳል፣ ባዶውን ይመለሳል። አይደለም? በአንድ ወገን ብቻ እየሠራ በየቀኑ የብር ትርፍ ከየት ያመጣል? የሰው ትርፍ እየጫነ ነዋ! አንዱ ትርፍ የሌላው አባት ነው።»

ከሮቤ ወገን ጭብጨባ ተሰማ። ከጎባ መዝገብ አንድ መኪና ቢቀንስ የማይከፋው ብዙ ሰው ነበር። ሆኖም ክርክሩ እንከን እንዳልነበረው መመስከር አለብኝ፤ እንዲያ ያለ ድምዳሜ ከተማሪዎቼ ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር። አጎቴ ራሳቸውን ነፃ የሚያወጡበት አንድ መንገድ ብቻ ቀረ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት የብርም ትርፍ የለኝም ማለት አለባቸው። እሳቸውም ገብቷቸዋል። ኮፍያቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

ሰብሳቢው ጉዳዩ ለነገ ጠዋት እንዲያድርና አጎቴ ቀርበው እንዲያስረዱ፣ ካላስረዱ ግን ከመዝገብ እንዲወጡ ወሰኑ። እኔም የሥጋ ዘመዴ ስለሆኑ በዚህ ጉዳይ ድምፅ እንደማልሰጥ አስመዘገብሁ።

«ገለልተኛዋ ገለል አለች፣» አሉ ሐጂ በማይክሮፎኑ።

አመሻሹ ላይ ለመመለስ ከአጎቴ ጎን ጋቢና ገባሁ። ከኋላችን ያሉት ወንበሮች በሙሉ ባዶ ነበሩ። መናኸሪያው በር ላይ ወደ ጎባ የሚወጣ ሰው ተሰልፏል፤ ሊጭኑት አይችሉም። ከከተማው ስንወጣ ስንዴ ያጨደ ገበሬ ጆንያው ላይ ተቀምጦ እጁን አነሣ። አጎቴ መዳፋቸውን ዘርግተው ይቅርታ ጠየቁትና አለፍን። ትንሽ ቆይቶ ከፊት ለፊት አንድ ባዶ የሮቤ መኪና መጣ። ጡሩምባ ነፋልን፤ አጎቴም ነፉ።

«ጋሼ፣» አልኋቸው፣ «ነገ የሚጠበቅብዎት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።»

«የትኛው?»

«‹ትርፍ የለኝም› የሚለው።»

«ይህን ያስተማሩሽ ማስተርስሽ ላይ ነው?»

«እውነት እኮ ነው።»

«እውነት መሆኑንማ አውቃለሁ። ስንት ዘመን መሪ ጨብጬ፣ ያ ሁሉ ባለመኪና ፊት ቆሜ ከስሬያለሁ ልበል? ሐጂ ፊት?»

«ከስሬያለሁ አይበሉ። የሚሉት ትርፍ የለኝም ነው። በሒሳብ አያያዝ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።»

«ጎባ ገበያ ውስጥ ግን አንድ ናቸው።» ማርሹን ቀየሩ፤ መኪናው ተንገራገጨ፣ ከዚያ ተስማማ። «ትርፍ ጫነ ቢሉኝ ይሻለኛል። እሱ እንኳ የወንድ ጥፋት ነው።»

«መኪናውስ ተራ ሲያጣ?»

 ጎባ እስክንገባ ድረስ መስተዋቱን፣ ምንም ሰው የማይታይበትን የውስጡን መስተዋት፣ ደጋግመው አስተካከሉ።

ወሬው በስልክ ቀድሞን ነበር። የአጎቴ ባለቤት፣ እኛ እትዬ የምንላቸው፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ በረንዳው ላይ የነጭ ሽንኩርት ግንድ እየቆረጡ ለገበያ ያዘጋጃሉ። ሳይነሡ፣ ቢላቸውንም ሳያስቀምጡ ተቀበሉን።

«አቶ ትርፍ መጡ!»

«ሴትዮ፣ እንግዳ አለ።»

«እሷ እንግዳ አይደለችም፣ ቦርድ ናት። ትስማ።» ወደ እኔ ዞሩ። «በየቀኑ ነው አለ አሉኝ። ቅዳሜ ደግሞ ይብሳል አለ አሉኝ። እስኪ ጠይቂልኝ፣ የት ነው የሚያስቀምጠው? ከመሞቴ በፊት አንድ ቀን ልየው።»

«አንቺ ደግሞ…» አሉ አጎቴ።

«ጎማውን ማን ገዛው? ባትሪውን ማን ገዛው? አምና የቦሎው ከየት ወጣ?» የነጭ ሽንኩርቱን ክምር በቢላዋው ጫፍ መታ መታ አደረጉት። «የጎባ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ሮቤ ሄዶ ይደብቃል!»

እኔ፣ በተፈጥሮዬ በሰው ቤት ጠብ መካከል ወንበር የማልስብ ሰው፣ ልሄድ ተነሣሁ። እትዬ በእጃቸው አስቀመጡኝ። ቀጥለው የተናገሩት ለእኔ አልነበረም፣ ድምፃቸውም ዝቅ ብሎ ነበር።

«ይሳቁብህ። ሐጂም ይሳቅ፣ ገበያውም ይሳቅ። አልፎ ይሄዳል። መኪናው ከቆመ ግን አንተ ጠዋት ተነሥተህ የት ትሄዳለህ? ትርፍ ቀርቶብኛል እኮ፣ ለምጄዋለሁ። ቀኑን ሙሉ እዚህ ተቀምጠህ እኔን ስታይ መዋልህን ግን አልችለውም።»

አጎቴ ዘይት ልይ ብለው ወደ መኪናው ሄዱ። ኮፈኑን ከፍተው ዘለግ ላለ ጊዜ ሞተሩን ተመለከቱት። ዘይቱ ሙሉ እንደነበረ እኔም እትዬም እናውቃለን፤ ጠዋት ሲሞሉት አይተናቸዋል።

በማግሥቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ከትናንቱ ይበልጣል። አጎቴ አንደኛ ደርሰው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ምን እንደሚሉ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ከቦርዱ ጠረጴዛ ተነሥቼ ግድግዳው ሥር ወንበር ያዝሁ።

ሐጂ ጥያቄውን እንደገና አነበቡ፤ ይህን ጊዜ ማይክሮፎኑን ከአፋቸው ትንሽ አራቁት።

አጎቴ ቆሙ። «የለኝም፣» አሉ በአማርኛ።

«የሰው?»

«የሰውም የብርም። ባዶውን እየተመለሰ ማን ያተርፋል? ትናንት የተናገርሁት…» ቀና ብለው አዳራሹን አዩ። «ትናንት የተናገርሁት ወሬ ነው። ጎማውን ሚስቴ ነች የገዛችው፣ በነጭ ሽንኩርት። ባትሪውንም። ይኸው ነው።»

ሳቅ ጠብቄ ነበር። የመጣው ጉንፋን የያዘው ሰው ሳል ብቻ ነበር። ከኋላ ረድፍ የተቀመጠ አንድ የሮቤ ሾፌር ጫማውን ማየት ጀመረ፤ አጠገቡ ያለውም እንዲሁ። የሌሎች ሚስቶች ምን እንደሚሸጡ አላውቅም፣ ሆኖም በዚያ ቅጽበት ብዙ ሰው ስለ ባትሪው የሚያስብ መሰለኝ።

ቀጥለው የተነሡት ሁለተኛው የሮቤ አባል ነበሩ፤ በሁለት ስብሰባ ውሃ ከመጠጣት በቀር ያልተናገሩ ሰው። «እንግዲህ ትርፍ ከሌላቸው፣» አሉ፣ «ወርኃዊ መዋጮውን በምን ይከፍላሉ? መክፈል የማይችል አባል ይመዝገብ የሚል አንቀጽ የለም።»

አጎቴን አየኋቸው። ትናንት ትርፍ አለኝ በማለታቸው ሊባረሩ ነበር፤ ዛሬ የለኝም በማለታቸው ሊባረሩ ነው። ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ፊታቸው ቀልቶ፣ አልተቀመጡም። እኔ ከጉዳዩ ስለወጣሁ ከግድግዳው ሥር መናገር አልችልም ነበር።

«ሐጂ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አሉ ሰብሳቢው።

ሐጂ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። «አስታግፊሩላህ፣» አሉ በመጨረሻ። «ትናንት ከእኚህ ሽማግሌ በቀር ሁላችንም ‹ሂን ቀቡ› ብለናል። እኔም ምዬ ተናግሬያለሁ። ትርፍ የሌለው ይውጣ ካልን፣ ይህን አዳራሽ ዘግቶ ቁልፉን ለባለቤቱ የሚመልስ ሰው እንኳ አይቀርም።»

አሁን ሳቁ መጣ፤ ከሮቤም ከጎባም ወገን፣ አጎቴም ጭምር፣ ምንም እንኳ የእሳቸው ከሌላው ትንሽ ዘግይቶ የጀመረ ቢሆንም።

በዚያ ጠዋት የተወሰነው ይህ ነው። አጎቴ በሦስት የድጋፍና በአንድ የተቃውሞ ድምፅ ተመዘገቡ፤ ከሰኞ ጀምሮ በሁለቱም መናኸሪያዎች ተራ ገብተው እንዲጭኑ ተፈቀደ። ከደንቡ ውስጥ ‹ትርፍ› የሚለው ቃልና የኦሮምኛ ትርጉሙ ወጥተው ‹ከወንበር ቁጥር በላይ የተጫነ ሰው› የሚል በሁለቱም ቋንቋዎች ገባ፤ ይህም በሻይ ሰዓት ሳይሆን በመደበኛው ስብሰባ ነው። ቀጥሎ ሰብሳቢው ቃለ ጉባኤው እንደ ደንቡ በሁለቱም መናኸሪያዎች የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንደሚለጠፍ አሳሰቡ።

አጎቴ እጃቸውን አነሡ። «ሮቤ ይለጠፍ፣ ግድ የለኝም፣» አሉ። «ጎባ ግን… አማቾቼ አሉ።»

ሁለት ማኅበራት አንድ የሆኑት ሁሉም ነገር በሁለቱም ከተሞች እኩል እንዲሠራ መሆኑን ሰብሳቢው ሊያስረዱ አፋቸውን ከፈቱ። ሐጂ ማይክሮፎኑን ቀድመው ያዙት። «እኔ ሐሳቡን እደግፋለሁ። የሰው አማት ቀላል ነገር አይደለም።»

ድምፅ ተሰጠ። ቃለ ጉባኤው ሮቤ ላይ ብቻ እንዲለጠፍ፣ ጎባ ላይ ጨርሶ እንዳይለጠፍ ተወሰነ፤ የጋራው ቦርድ በሙሉ ድምፅ ያሳለፈው የመጀመሪያ ውሳኔ ይህ ነው። በዚህኛው እኔም እጄን አውጥቻለሁ፤ የሥጋ ዝምድናዬን ያነሣብኝ ሰው አልነበረም።